ዳለቲ በእኔ ዓይን ሥር ስትፈታ

ሰው አላምንም። ይህን ከመጀመሪያው ልንገራችሁና እንገላገል። ክፉ ሆኜ አይደለም፤ ወተት ነጋዴ ሆኜ ነው። ነገሌ ገበያ ጥግ ተቀምጬ ከገጠር የሚመጣ ወተት ስረከብ ልጆቼን አሳድጌያለሁ። «እናቴ ትሙት፣ ጠብታ ውሃ አልነካውም» ተብሎ የተማለበት ወተት ውስጥ ዓሣ ሊዋኝ ምንም ሳይቀረው አይቻለሁ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዕቃ አንዲት ጠብታ አውራ ጣቴ ጥፍር ላይ አንጠባጥባለሁ። ቆማ ከቀረች ወተት ናት፤ ከሮጠች ውሃ አለባት። ይሄ ነገር ልማድ ሆኖብኝ አሁን አሁን ሰው ሰላም ሲለኝም በልቤ ጥፍሬ ላይ አንጠባጥበዋለሁ። «ደህና አደርሽ?» ሲለኝ፣ ምን አስቦ ጠየቀኝ እላለሁ።

ባለቤቴ አባ ዳርሚ፣ «አንቺ ገነት በር ላይ ብትደርሺ ጠባቂውን መታወቂያ ትጠይቂዋለሽ» ይለኛል። ይበል። እሱ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ዕድሜውን ሙሉ ሲነዳ የኖረ ሹፌር ነው፤ ፊልቱ፣ አሬሮ፣ ያቤሎ ሲል ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ያቺኑ የሚነዳትን አሮጌ የናፍጣ መኪና በጨረታ ይዟት መጣ። ሁለቱ ባንድ ቀን ጡረታ ወጡ ማለት ነው። መኪናዋ ድሮ ነጭ ነበረች፤ አሁን አመድ የነካው ነጭ ናት። ቦረናዎች እንዲህ ያለ መልክ ያላትን ላም ዳለቲ ይሏታል፤ እኛም ዳለቲ አልናት። አባ ዳርሚ መንዳቱን እንጂ መፍታቱን አያውቅም። ስትበላሽ ኮፈኗን ከፍቶ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ለረጅም ጊዜ ያያትና «እም» ብሎ ይዘጋዋል። ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመው የሜካኒክነት እውቀት ያቺ «እም» ናት።

ታዲያ ያን ሳምንት «እም» የማታዋጣበት ነገር ገጠመን። ልጃችን ዳርሚ አሬሮ አስተማሪ ናት፤ እዚያው ነው ያገባችው። ስምንተኛ ወሯን ልትጨርስ ነበር። የመጀመሪያው አልጸናላትም፤ ያን ጊዜ ስንት ለቅሶ እንዳለቀስን አልነግራችሁም። አሁን ሐኪሙ፣ «ይህን ከሆስፒታል ርቀሽ እንዳትጠብቂ፤ እናትሽ ዘንድ ነገሌ ሂጂ። ከዚህ ሳምንት ካለፈ ደግሞ መንገድ አትውጪ» አላት። በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥላ እንድትመጣ ማንም አይፈቅድም። የሚመጣው ቅዳሜ በዳለቲ ሄደን ልናመጣት ተነጋገርን።

እሑድ ዕለት ዳለቲ ገበያው አጠገብ ነጭ ጭስ ተፍታ ቆመች።

አባ ዳርሚ ኮፈኑን ከፍቶ «እም» አለ። እኔ ግን የዘይት መለኪያዋን ዘንግ መዘዝ አድርጌ አየሁት። ጥቁር መሆን የነበረበት ዘይት ሻይ በወተት መስሏል! ወዲያው ጠብታዋን ጥፍሬ ላይ አደረግኋት። ሮጠች።

«ውሃ ገብቶበታል!» ብዬ ጮህኩ።

«ሞተር ወተት አይደለም፣ ሴትዮ» አለኝ።

ማታውን ዳለቲ ተገፍታ ግቢያችን ገባች። ሰኞ ጠዋት ሜካኒኩ ቃሲም መጥቶ ሲያየው ግን፣ «አባ ዳርሚ፣ እኔን ለምን ጠሩኝ? ሜካኒክ ቤትዎ ውስጥ አለ እኮ!» አለ። በሞተሩ ራስና በገላው መሃል የምትገባ ስስ ልባስ አለች፤ እነሱ ጓርኒሲዮን ይሏታል። እሷ ተቃጥላ ውሃው ወደ ዘይቱ ገብቷል። እንግዲህ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ማን ይቻለኝ! የአምስት ቀን መከራዬ ሁሉ የመጣው መጀመሪያ ላይ ትክክል ስለሆንኩ ነው ብላችሁ አትሳሳቱም።

ቃሲም ወደ ጋራዥ እናስጎትታት ሲል ጎረቤቴ ሃሊማ ከሻይ ቤቷ በር ላይ ሆና በዓይኗ ጠራችኝ። ሃሊማ የወተት ደንበኛዬ ናት፤ ከእኔ ቀጥሎ ነገሌ ላይ ሰው የማያምን ቢኖር እሷ ናት።

«ጋራዥ?» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እህቴ፣ አብደሻል? የአጎቴን መኪና ምን እንዳደረጓት አልነገርኩሽም? ደህናውን ፓምፕ አውጥተው አሮጌ ገጠሙባት። ከዚያ ‹ፓምፕህ አርጅቷል› ብለው ያንኑ የራሱን ፓምፕ መልሰው አመጡለት። አመስግኖ ወሰደው!»

በቃ። ተመልሼ ሄጄ፣ «ዳለቲ ከግቢዬ አትወጣም። እዚሁ ግራሩ ሥር፣ እኔ እያየሁ ትፈታለች» አልኩ።

ቃሲም ተቆጥቶ የማያውቅ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሲሠራ የሚያንጎራጉር ልጅ ነው። ይህም አጠራጠረኝ። ንጹሕ ሰው ምን ብሎ ያንጎራጉራል? «ራኮ ሂንጂሩ፣ ችግር የለም፣ ሃዳ ዳርሚ። እንዳሉ» አለኝ፤ የዳርሚ እናት ማለቱ ነው። ትንሽ እንኳ አልተከራከረም። ይህም አጠራጠረኝ።

ማክሰኞን ሳልጠብቅ ያኑ ዕለት ሥራ ተጀመረ። ቃሲም ቁልፎቹን ይዞ ሲመለስ እንደ ደንቡ በር ላይ ቆሞ ሰላምታውን አወረደው፤ ናጋ ማለት ሰላም ነው፤ «ናጋ? ናጋ ቡልታኒ? ቤት ናጋ? ከብት ናጋ? ጎረቤት ናጋ?» ከዚያ ወደ መኪናዋ ዞሮ፣ «ዳለቲስ ናጋ?»

«ናጋ ብትሆን አንተን እንጠራ ነበር? ይልቅ ቦርሳህን ክፈተው» አልኩት።

ከፈተው። አንድ በአንድ አየሁ፤ ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ መዶሻ፣ ሰሌን ምንጣፉ። ቦርሳው ለምን ትልቅ ሆነ ብዬ ብጠይቀው፣ «የአባቴ ነበር» አለኝ። መልሱ ከጥያቄው ጋር አልገጠመልኝም፤ ቢሆንም አለፍኩት።

ከዚያ የጥፍር ቀለሜን አመጣሁ። ከዳርሚ ሠርግ የተረፈ ቀይ ቀለም ነው። ከሞተሩ የሚወጣውን እያንዳንዱን ነገር ገና ከእጁ ሳይወርድ ተቀብዬ ጥግ ላይ አንዲት ነጥብ አደርግበታለሁ፤ ቢቀየር እንዳውቅ። ፓምፑን ቀባሁ፣ ሞተሪኖውን ቀባሁ፣ ቡሎኑን ሁሉ ቀባሁ። ቃሲም ሲያየኝ ቆይቶ፣

«አባ ዳርሚ» አለ፣ «ሞተሩን ልንድረው ነው እንዴ? ለማን ነው?»

«ዝም ብለህ ፍታ» አለው አባ ዳርሚ። «እኔም እንዲህ ተቀብቼ ነው የኖርኩት።»

ሁለቱ ሳቁ። አብረው መሳቃቸውን አልወደድኩትም። መቼ ተዋወቁና?

እኩለ ቀን ላይ ቃሲም ለሶላት ሲነሳ ቡሎኖቹን ብቆጥር አሥራ ስምንት የነበሩት አሥራ ሰባት ሆነዋል። በሩ ላይ ቆምኩ። «ማንም ከዚህ ግቢ አይወጣም» አልኩ። ማንም ማለት እሱ ብቻ ነው። ምስኪን፣ ኪሶቹን ገልብጦ አሳየኝ። አንድ መሐረብ፣ አንድ ቴምር። ቴምሩን እንኳ ጭምቅ አድርጌ አየሁት። ከሄደ በኋላ ላቤን ልጠርግ ነጠላዬን ብስብ ጫፉ ላይ አንድ ከባድ ነገር ቋጠሮ ውስጥ አለ። እንዳይጠፋ ብዬ ራሴ የቋጠርኩት ቡሎን! ቀስ ብዬ ከሌሎቹ ጋር ቡሎን ማስቀመጫው ቆርቆሮ ውስጥ ጨመርኩትና ሲመለስ፣ «ደግሜ ቆጠርኩ፤ ልክ ነው» አልኩት። ቴምሩን ስለጨመቅኩበት በሻይ ካስኩት።

ይህችን ነገር ያዙልኝ። እኔ ያኔ አልያዝኳትም።

አዲሷ ጓርኒሲዮን ከሻሸመኔ በአውቶቡስ ረቡዕ ነው የምትደርሰው። ቃሲም ዳለቲን ከፍቶ፣ የሞተሩን ራስ አውልቆ፣ «ረቡዕ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። ዳለቲ ግራሩ ሥር አፏን ከፍታ ቀረች። አፏን ስላችሁ አንድ አፍ እንዳይመስላችሁ፤ እዚህ ቀዳዳ፣ እዚያ ቱቦ፣ ሁሉም ወደ ሰማይ ያፈጠጠ። ነፋሱ ደግሞ ያንን የነገሌን ቀይ አፈር እያነሳ ግቢውን ያጥነው ጀመር።

እኔ አፉ የተከፈተ ዕቃ ማየት አልችልም። የባለቤቴ እናት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የቦረና ሴት ነበሩ፤ የወተት ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጪጮ፣ ያ ከዕፅዋት ሥር ተፈትሎ የሚሠራው የወተት ዕቃ፣ ይታጠባል፣ በጭስ ይታጠናል፣ ከዚያ አፉ ወዲያው ይደፈናል። ክዳን ቢጠፋ ጨርቅ፣ ጨርቅ ቢጠፋ ሣር ይወተፍበታል። ሙሽራ ሆኜ አንድ ቀን ጪጮ ሳልደፍን ብተኛ፣ ጠዋት ውስጡ የተገኘችውን እንሽላሊት አንጠልጥለው ለጎረቤት ሁሉ አዞሯት። ከዚያ ወዲህ ቀዳዳ ሳይ እጄ ራሱ ይሄዳል።

አሮጌ ቢጫ ሻሼን አወጣሁ። አንዴ አጠፍኩት፣ ሁለቴ አጠፍኩት፣ ሦስቴ አጠፍኩትና እጥፋቱን እየተከተልኩ ቆራረጥኩት። ቁራጮቹን እየጠቀለልኩ የሞተሩን አፎች አንድ በአንድ ወተፍኩ። ሰባት ቀዳዳ፣ ሰባት ጨርቅ። ሃሊማ ከአጥር ማዶ፣ «አሁንማ እርጎ ይወጣታል!» ብላ ሳቀችብኝ። አንድ ቁራጭ ተረፈኝ፤ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

በማግስቱ፣ ማክሰኞ፣ አንዲት እንሽላሊት በዳለቲ ግንባር ላይ ስትንጎማለል አገኘኋት። ወዴት እንደምትመለከት ተከትዬ ባይ፣ ከአየር ማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ወፍራም የጎማ ቱቦ አፉን ከፍቶ ተጋድሟል! ያቺን የተረፈች ቁራጭ አወጣሁና ወተፍኳት። ላላችብኝ። የማማሰያ እጀታ አምጥቼ ገፋ፣ ገፋ አደረግኋት። ወደ ጥምዝምዙ ገባች። ይህን እያደረግኩ ስልኬ ጮኸ።

አዴ ጢዬ ናቸው፤ የዳርሚ ባል እናት። ጨዋታቸው ማር ነው፤ ለዚህ ነው የማላምናቸው።

«መኪናው ታመመ አሉ?» አሉኝ።

«ይድናል።»

«አይጨነቁ እንግዲህ። ባይድንም እግዜር አለ። እኛም ሴቶች ነን፤ እዚሁ እናዋልዳታለን።»

እኛም ሴቶች ነን! ስልኩን ዘግቼ ያቺን ቃላቸውን ጥፍሬ ላይ አንጠባጠብኳት። ሮጠች። ሴትዮዋ የልጅ ልጃቸውን ከእጄ ሊነጥቁኝ ነው። ሆስፒታሉ አሬሮ ላይ እንዳልሆነ ጠፍቷቸው ነው? ባለፈው ጊዜ የሆነውን ረስተው ነው? ቀኑን ሙሉ ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ዋልኩ። ቱቦውም፣ ማማሰያውም፣ እንሽላሊቷም ከሐሳቤ ወጡ። ማማሰያውን እንኳ ግራሩ ሥር ጥዬው ሃሊማ ናት ያመጣችልኝ።

ጓርኒሲዮኗ ረቡዕ መጣች፤ ሐሙስ ቃሲም መግጠም ጀመረ። ቢጫ ጨርቆቼን ሲያይ ቁጭ ብሎ ሳቀ።

«ሃዳ ዳርሚ፣ እንደ ጪጮ ደፈኗት!»

«አፈር ይግባ ነበር?»

«ላኪ፣ ላኪ፣ ኧረ የለም፣ ደግ አደረጉ። ብዙ ሜካኒክ ይህን አያስብም» አለና አንድ በአንድ እየነቀለ፣ «ስንት ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ሰባት።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«አንተ ልጅ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ የምትቆጥረው ማን ናት?»

«እሺ» አለ። ሰባት ነቀለ፣ ሰባት ቆጠረ፣ አመነኝ። ልብ በሉ፤ አመነኝ። ቱቦውን አንስቶ ከሁለት ወገን አጠበቀው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ነገር ቦታው ገባ። ቀይ ነጥቦቼን አንድ በአንድ ፈተሽኩ፤ አንድም አልጎደለም። አባ ዳርሚ መሪው ላይ ተቀመጠ፤ ቁልፉን አዞረ። ዳለቲ ግር፣ ግር፣ ግር አለች። ሁለት ጊዜ ሳለች፤ ከኋላዋ ጥቁር ጭስ ቡልቅ አድርጋ ዝም አለች።

«አየር ነው» አለ ቃሲም። «የናፍጣ መስመሩን ስለከፈትኩት አየር ገብቶበታል። ናፍጣና አየር አንድ መስመር ላይ አይስማሙም። አየሩን ማስወጣት ነው፤ ራኮ ሂንጂሩ።»

አየሩን ያስወጣ ጀመር። ዳዶዋን ላላ፣ በእጁ ፓምፑን ጫን ጫን፣ አረፋ ሲወጣ ጠብቆ ጥብቅ ያደርጋታል። አባ ዳርሚ ያዞራል፤ ግር፣ ግር፣ ጥቁር ጭስ፣ ዝም። እንደገና። ከሰዓት እስከ መግሪብ ከዚያች መኪና የወጣው አየር ነገሌን ለአንድ ዓመት ያስተነፍሳል። ቢወጣ ቢወጣ አያልቅም! ይህ ሁሉ አየር ከየት ይመጣል ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። እኔ ማሰብ ስጀምር ደግሞ ታውቁኛላችሁ።

መጀመሪያ ናፍጣውን ጠረጠርኩ። ጠብታውን ጥፍሬ ላይ አደረግኩት፤ ሮጠ። «ውሃ አለው!» ብዬ ስጮህ ቃሲም በትሕትና፣ «ናፍጣ ሁልጊዜ ይሮጣል፣ ሃዳ ዳርሚ» አለኝ። ከዚያ አዴ ጢዬን ጠረጠርኩ፤ ጸሎታቸው ይሠራል ይባላል። ከዚያ የራሴን ባል ጠረጠርኩ። አሬሮ የመሄዱ ነገር ድሮም አላጓጓውም፤ አዴ ጢዬ ፊት ሲቀመጥ ያልበዋል። በመጨረሻ ግን ሁሉም መንገድ ወደ አንድ ሰው አመጣኝ፤ ወደዚያ ወደሚያንጎራጉረው። ሃሊማም ዓርብ ጠዋት ጆሮዬ ላይ፣ «የአጎቴም መኪና ልክ እንዲህ ነበር ያሳላት» አለችኝ።

ዓርብ ባትሪው ደከመ። ተገፍታ ትነሳ ተባለና ሰፈሩ ወጣ። ከፊት አባ ዳርሚ መሪ ይዞ፣ ከኋላ ቃሲም፣ ሃሊማ፣ ሻይዋን ጥላ የወጣች ደንበኛዋ፣ ከመስጊድ የሚመለሱ ሽማግሌ፣ እኔ። ቁልቁለቱን ስትወርድ ዘለለች፣ አጎነበሰች፣ ጥቁር ጭሷን ፊታችን ላይ ለቀቀችብን፣ ቆመች። ወደ ገበያ ይነዱ የነበሩ ግመሎች ሁለቱን የመንገድ ጠርዝ ያዙና አንገታቸውን ዘርግተው ታዘቡን። ሽማግሌው ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ «ይህቺ እንኳ በሬ ብትሆን አርደናት ነበር» አሉ። መልሰን ሽቅብ ገፋናት። ሽቅቡን አላወራላችሁም።

ግቢ ስንገባ ዳርሚ ደወለች። «እማ፣ ነገ ትመጣላችሁ አይደል?» አለችኝ። ድምጿ ቀጭን ነበር። «ወገቤን ትንሽ ይዞኛል። ፈራሁ እንጂ ደህና ነኝ።»

«እንመጣለን፣ የእኔ ልጅ» አልኳት። ስልኩን ዘጋሁ። ያ ሁሉ ፍርሃት መሄጃ ሲያጣ በቃሲም ላይ ወረደ።

«ፓምፑን ቀይረኸዋል!» አልኩት ሰው ሁሉ እየሰማ። «ደህና ሞተር ነው የሰጠሁህ። ልጄ እዚያ ሆና ትጠብቀኛለች፣ አንተ እዚህ አየር ትሸጥልኛለህ!»

 ቃሲም አላንጎራጎረም። ጣቱን ፓምፑ ላይ ወዳለችው ቀይ ነጥብ ቀሰረ፤ ነጥቧ እዚያው ናት። ከዚያ ያን ትልቅ የአባቱን ቦርሳ አነሳና በሁላችን ፊት መሬት ላይ ዘቀዘቀው። ቁልፎቹ ተንኮሻኮሹ። ካቻቢቴ፣ መዶሻ፣ ምንጣፍ። በመጨረሻ በመሐረብ የታሰረ ትንሽ ጥቅል ወደቀ። ፈታው። የእኔ ቢጫ ጨርቆች ናቸው፤ ታጥበው፣ ደርቀው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበው።

«እርስዎ ሁሉን ይቆጥራሉና እንዳይጎድልብዎ አጥቤ ልመልስ ብዬ ነው» አለ። «ይቁጠሩ። ሰባት ናቸው።»

ቆጠርኩ። ሰባት ናቸው። ከዚያ ጨርቆቹን አየኋቸው፤ ቢጫ ሻሼን አየሁት። አንዴ ያጠፉት ሁለት ይሆናል። ሁለቴ ያጠፉት አራት ይሆናል። ሦስቴ ያጠፉት...

እናንተዬ! ሦስቴ የታጠፈ ሻሽ ሰባት ሆኖ አያውቅም።

እንሽላሊቷ መጣች። ማማሰያው መጣ። ጆሮዬ ውስጥ ያ ስልክ እንደገና ጮኸ። ዳለቲ ሁለት ቀን ሙሉ አየር በዛባት ተብላ ስትታከም፣ ለካ አየር ነው ያጣችው! ጉሮሮዋን በሻሼ ወትፌ፣ ለምን አትተነፍስም ብዬ ሰው ስፈትሽ ከርሜያለሁ።

ደግ ሴት ብሆን ኖሮ እዚያው «ጥፋቱ የእኔ ነው» እል ነበር። እኔ ግን፣ «ሁላችሁም ደክሟችኋል፤ ሃሊማ ቤት ገብታችሁ ሻይ ጠጡ። በእኔ ነው» አልኩ። ሃሊማ ወዲያው ዓይኗን አጠበበች፤ ከእኔ አፍ «በእኔ ነው» ሰምታ አታውቅም። ቢሆንም ሄዱ። እኔ ካቻቢቴውን ብድግ አድርጌ የቱቦውን ማሰሪያ አላላሁና እጄን ከተትኩ። ጨርቁ ጥምዝምዙ ላይ ተቀርቅሯል። ክርኔ ድረስ ገባሁ። ጫፉን በሁለት ጣቴ ያዝኩት። ልስብ ስል እጄ አልወጣ አለ።

«ሃዳ ዳርሚ» አለ ከኋላዬ አንድ ቀዝቃዛ ድምፅ፣ «ከሞተሩ ምን እየወሰዱ ነው?»

ዘወር አልኩ፤ ዘወር ያለው ግን አንገቴ ብቻ ነው፣ እጄ በዳለቲ ጉሮሮ ውስጥ ነው። ቃሲም ቆሟል። ከኋላው አባ ዳርሚ። ከኋላው ሃሊማ፣ የሻይ ብርጭቆ እንደያዘች። ከኋላዋ እነዚያ ሽማግሌ።

«አልወሰድኩም» አልኩ። «እያየሁ ነው።»

«በእጅዎ?»

«ማንም ከዚህ ግቢ አይወጣም» አለ አባ ዳርሚ በእኔ ድምፅ። ያ ሰው ሠላሳ ዓመት ያችን ቀን ሲጠብቅ ነበር።

ቃሲም ቀረበ፤ ቱቦውን ከሥሩ ፈታልኝና ቀስ አድርጎ እጄን አወጣው። ጣቶቼ መሃል ቢጫው ጨርቅ ተንጠልጥሏል፤ ጥላሸት ጠጥቶ፣ ተጨምድዶ፣ አንዲት የሞተች ጫጩት መስሎ። ቃሲም ጨርቁን አየ። ሰባቱን አየ። እኔን አየ።

«ስምንት» አለ።

«ስምንት» አልኩ። ከዚያ የወጣኝ ቃል ከዚያ ቱቦ ይበልጥ ጠቦኝ ነበር፤ «ይቅር በለኝ፣ ቃሲም። አንተ አንዴ ጠይቀህ አመንከኝ። እኔ አምስት ቀን ፈትሼህ አላመንኩህም።»

እሱ ቱቦውን ገጠመ፣ ባትሪ ከሃሊማ ዘመድ መኪና ተዋሰ፣ ለአባ ዳርሚ ምልክት ሰጠ። ዳለቲ ግር አለች፤ አንድ ረጅም ትንፋሽ ሳበችና ግራሩ ላይ ያሉት ወፎች በሙሉ እስኪነሱ ድረስ ጮኸች። ሃሊማ ብርጭቆዋን ጣለች። ሽማግሌው «በሬ አይደለችም፣ አንበሳ ናት» አሉ። ቃሲም ያኔ ነው የሳቀው፤ ሲስቅ ሲስቅ ቁጭ አለ፣ ቁጭ ብሎም ሳቀ። ማንጎራጎሩን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምን ያንጎራጉራል አላልኩም።

ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ ተነሳን። አሬሮ ስንደርስ አዴ ጢዬ መቀነታቸውን አስረው፣ የዳርሚን ዕቃ ደጅ አውጥተው፣ እሷን ጥላ ሥር አስቀምጠው ይጠብቁናል። «ከንጋት ጀምሮ መንገድ መንገድ ሳይ ዋልኩ» አሉኝ። «ያኔ እንዳይጨነቁ ብዬ እንጂ፣ እኔስ እንቅልፍ በዓይኔ ዞሮ አያውቅም።» እጄን ያዙኝ፤ ለካ እሳቸውም ልክ እንደ እኔ ፈርተው ኖሯል። ከጎኔ አንድ የታጠነ ጪጮ ወተት አስቀመጡልኝ። አፉን በንጹሕ ጨርቅ ወትፈውታል። መንገድ ላይ ከፍቼ ጠብታዋን ጥፍሬ ላይ አደረግኋት። አትፍረዱብኝ፣ ሥራዬ ነው። ቆማ ቀረች።

ዳርሚ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነገሌ ሆስፒታል ሴት ልጅ ወለደች። ደህና ናት፤ እናቷም ደህና ናት። ጩኸቷ የዳለቲን ያስንቃል።

ቤት በገባን በሦስተኛው ቀን ቃሲም ሊጠይቅ መጣ። በር ላይ ቆሞ ያችን ረጅም ናጋውን ከጨረሰ በኋላ፣ ቦርሳውን ሳልጠይቀው ከፍቶ አሳየኝ። ባዶ ነው። ከዚያ እጁን በሳሙና ታጥቦ ሕፃኗን ተቀበለኝ። መጠቅለያዋን ገለጥ አደረገና ጣቶቿን አንድ በአንድ እየነካ ጮክ ብሎ መቁጠር ጀመረ።

«አሥር» አለ ሲጨርስ። «አሥር አድርጌ ነው የምመልሳት፣ ሃዳ ዳርሚ። ሁላችሁም እያያችሁ። ነገ አንድ ጎደለ ብለው በር ላይ እንዳይቆሙብኝ። ቀይ ቀለሙን ደግሞ ምነው ረሱት?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፤ ከልቤ ነው የሳቅሁት። በቃሲም ላይ ከእንግዲህ ጥርጣሬ የሚባል ነገር የለኝም፤ በአደባባይ ምያለሁ።

እሱን ሸኝቼ ስመለስ ግን ሁሉም ወጥተው ሕፃኗ ብቻዋን ተኝታለች። በሩን መለስ አደረግኩና መጠቅለያዋን ገለጥኩ።

አሥር ናቸው።